የሰማንያ ቀን ኮፍያ

ደብረ ብርሃን፣ ቅዳሜ ረፋድ፤ ሕፃኗ በተወለደች በሰባ ሁለተኛው ቀን የአባቷ እናት ወይዘሮ አስካለና የእናቷ እናት ወይዘሮ ትርንጎ በረንዳ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው ትናንት ኮፍያ የነበረ አንድ ሰማያዊ የክር ድብልብል አለ።

አስካለ፦ ድመት ናት ይሉኛል እንዴ! ድመት ኮፍያ ፈትታ፣ ክሩን እንደ እንቁላል አድቦልቡላ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ሸጉጣ ታስቀምጣለች?

ትርንጎ፦ የዚህ ቤት ድመት ሥራ ትወዳለች።

አስካለ፦ እንግዲያው ማጀቱን ያስረክቧትና እርስዎ ይረፉ!

ትርንጎ፦ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፤ ልጅ ተኝታለች።

አስካለ፦ መቼ ነቅታ ታውቃለች? እኔ ስመጣ ትተኛለች፣ ስሄድ ትነቃለች። የልጅ ልጅ ናት ወይስ የሌሊት ወፍ?

ትርንጎ፦ አፍዎን! ክርስትና ልትነሣ ስምንት ቀን የቀራትን ልጅ የሌሊት ወፍ!

አስካለ፦ እሺ፣ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እሱን ይቅር ይበሉኝ። ግን ኮፍያው ተፈትቷል፤ የፈታው እጅም አለ።

ትርንጎ፦ ጠበባት።

አስካለ፦ ምን አሉ?

ትርንጎ፦ ኮፍያዎ ጠበባት አልኩ። አናቷ ላይ እንደ ጡጦ ክዳን ቁጭ አለ። ጆሮዋ ውጭ፣ ግንባሯ ውጭ። በዚህ በደብረ ብርሃን ብርድ!

አስካለ፦ እኔ የሠራሁት አይጠብም። አርባ ቀን ለሞላው ልጅ ልክ ነው።

ትርንጎ፦ አርባ! ይኸው፣ ከራስዎ አፍ ወጣ። በአርባ ቀኑ የሚነሣው ወንድ ነው። ሴት በሰማንያ ነው! ወንድ ጠብቀው፣ በሰማያዊ ክር፣ በአርባ ቀን ልክ ሠሩ። ሴት ስትሆን ያንኑ አንጠልጥለው መጡ። ላልተወለደው የታሰበውን ለተወለደችው! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ።

አስካለ፦ ሰማይም ሰማያዊ ነው፤ ሴት አልተከለከለበትም። ወንድ ስለተመኘሁ አይደለም የጠበበው። ራሷን ስለማላውቀው ነው።

ትርንጎ፦ ታዲያ በምን ለክተው ሠሩት?

አስካለ፦ ይተዉት።

ትርንጎ፦ በሎሚ ነው?

አስካለ፦ በትርንጎ።

ትርንጎ፦ በስሜ ይቀልዳሉ?

አስካለ፦ የምን ቀልድ! ከገበያ አንድ ትልቅ ትርንጎ ገዝቼ፣ እሱ ላይ እያጠለቅኩ እያወለቅኩ ሠራሁት። ሌላ ምን ላድርግ? ከጠባሴ ሰፈር እዚህ ድረስ ረቡዕ እመጣለሁ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ። «የመንገድ ላብዎ ይድረቅ» ብለው እዚህ በረንዳ ላይ ያሰጡኛል። ላቤ ሲደርቅ ልጅቷ ተኝታለች። በሰባ ሁለት ቀን ሦስት ጊዜ አየኋት፤ እሱንም አፍንጫዋን ብቻ፣ በብርድ ልብስ ቀዳዳ። የልጅ ልጅ አለኝ በሰማይ፣ ፊቷንም አላይ!

ትርንጎ፦ ከፀሐይ የመጣ እግር አራስ ቤት ዘሎ አይገባም። እናቴም እንዲሁ ነበር የምታደርገው።

አስካለ፦ ባለፈው ረቡዕ ያቺ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስትመጣስ? ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሰተት ብላ አልገባችም?

ትርንጎ፦ እሷ መንግሥት ናት።

አስካለ፦ እኔስ?

ትርንጎ፦ እርስዎ አማት ነዎት።

አስካለ፦ እሺ። ጠበበ እንበል። የጠበበ ኮፍያ «አስፉት» ተብሎ ይመለሳል እንጂ ይፈታል? ክርስትናው ደጅ ቆሞ? ይስጡኝ እስቲ ክሩን። ይኼ ምንድን ነው የሻከረው? ... ይኼስ ቋጠሮ? ይኼስ? ይህ እኮ አንዴ የተፈታ ክር አይደለም። አሥር ጊዜ ተጀምሮ አሥር ጊዜ የፈረሰ ክር ነው። ወይዘሮ ትርንጎ! ሞከሩት!

ትርንጎ፦ ዝም ይበሉ፣ ምንትዋብ ትሰማለች።

አስካለ፦ ልጅዎ ገላዋን እየታጠበች ነው ብለውኝ የለ?

ትርንጎ፦ ውሃ ጆሮ አይደፍንም።

አስካለ፦ በምን ሞከሩት? ኪሮሽ ከየት አመጡ?

ትርንጎ፦ በወስፌ።

አስካለ፦ በወስፌ! የሰፌድ ወስፌ? አፍንጫው ያልታጠፈ ብረት ክር ይስባል?

ትርንጎ፦ ይሳቁ። ይሳቁ እንጂ፣ ሲጠብቁት የነበረ አይደል።

አስካለ፦ አልሳቅሁም። ጥርሴ ነው የወጣው። ግን ለምን ፈቱት?

ትርንጎ፦ እንዴት እንደተሠራ ልይ ብዬ። ሰዓት ሠሪ ፈትቶ እንደሚያየው። ጫፉን ያዝኩና ሳብኩ፤ ሲፈታ ደግሞ ደስ ይላል፣ እንደ ውሃ ነው። አንድ ዙር ልይ፣ አንድ ዙር ልይ ስል እጄ ላይ ባዶ ቀረ። እንዴት እንደተሠራ ሳላይ አለቀ።

አስካለ፦ እና ማየቱ ምን አስፈለገ? እኔ ሠርቼው የለ?

ትርንጎ፦ እሱ ነዋ! እርስዎ ሠርተውታል! ምንትዋብ መዳፏ ላይ አስቀምጣ ፎቶ አነሣችው። ለዘመድ አዝማድ ላከችው። «የባሌን እናት እጅ እዩልኝ» እያለች ሞጣ ድረስ ደወለች፤ የኔ አገር ሞጣ፣ ለእኔ እኅቶች! የክርስትናውን ነጠላ የፈተለው ማን ነው? እኔ ነኝ። ክረምቱን ሙሉ፣ ጥጡን በእጄ ዳምጬ፣ እንዝርቴን አሹሬ፣ እንደ ሕፃን ፀጉር አቅጥኜ። ሸማኔው ራሱ «ይህን የፈተለ እጅ ይባረክ» አለ። እዚህ ቤት አንድ ሰው ማን ፈተለው አለ? ነጠላ ነጭ ነው፤ ነጭ ፎቶ ላይ ምኑ ይታያል?

አስካለ፦ ይታያል እንጂ።

ትርንጎ፦ አይታይም። ሰማያዊ ነው የሚታየው። ከዚያ ልጄ ዞር ብላ «እማዬ፣ አንቺ ኪሮሽ አትችዪም አይደል?» አለችኝ። ክፉ አስባ አይደለም። እንዲሁ፣ ቀንድ አለሽ ወይ ብላ እንደምትጠይቅ። በአሥራ አራት ዓመቴ ተድሬ፣ ኪሮሽ ማን ያስተምረኛል? እናንተ የከተማ ልጆች ትምህርት ቤት ዳንቴል ስትሠሩ እኔ ባል ቤት ነበርኩ።

አስካለ፦ እና በኮፍያ ቀኑብኝ።

ትርንጎ፦ እርስዎስ? በምን ቀንተው ነው በር ላይ እንደ ዳኛ ተኮፍሰው የሚያዩኝ?

አስካለ፦ እኔማ እየተቃጠልኩ ነው። ለምን እዋሻለሁ? ሲያልፉ ቀሚስዎ የሷን ጠረን ይሸታል። ቅቤው፣ ወተቱ፣ የአንገቷ ሥር። እርስዎ ይዘውት ይዞራሉ፣ እኔ በነፋስ ይደርሰኛል። ይሄይስ አንድ ልጄ ነው። ከሱ ሌላ አልወለድኩም። ይህቺ ካመለጠችኝ ሌላ ከየት አመጣለሁ?

ትርንጎ፦ ክሩን ይመልሱልኝ፤ ልጠቅልለው።

አስካለ፦ ክሩ እኔ ጋ ይቆይ። ኪሮሽ ከቦርሳዬ አይለይም። ተጠግተው ይቀመጡ።

ትርንጎ፦ ምን ሊያደርጉ?

አስካለ፦ ላስተምርዎት።

ትርንጎ፦ ከዚያ «እኔ አስተማርኳት» ሊሉ?

አስካለ፦ አልልም።

ትርንጎ፦ የክርስትናው ዕለት ሰው ሲጠይቅ የሚባለው «ኮፍያውን ትርንጎ ሠራችው» ነው። ብቻዬን።

አስካለ፦ ይባል።

ትርንጎ፦ እንዲህ በቀላሉ? በምትኩ ምን ይፈልጋሉ?

አስካለ፦ ምንም። እዚችው ቁጭ ብዬ የመንገድ ላቤ ይድረቅ።

ትርንጎ፦ ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ።

አስካለ፦ ይታዘሉ፣ ይታዘሉ። ይኸው፣ መጀመሪያ ቋጠሮ። ከዚያ ክሩን በኪሮሹ ጠልፎ በቀዳዳው ማውጣት። አንድ ሰንሰለት። እንደገና መጥለፍ፣ ማውጣት። ሁለት። ይሞክሩት። ... ምን እያደረጉ ነው? ክሩን በጣትዎ ለምን ያሹታል?

ትርንጎ፦ እንዲጠና ነዋ።

አስካለ፦ ያከሩታል እኮ! ይህ የተፈተለ ነው፣ የተዘጋጀ ነው። ለዚህ ነዋ ክሩ ሁሉ እንደ ሽቦ የሻከረው። አህያ ሊያስሩበት ነው?

ትርንጎ፦ ሃምሳ ዓመት የፈተለ ጣት ክር ሲይዝ ዝም ብሎ አይቀመጥም።

አስካለ፦ ይላላ። ይተንፍስ። ... ይኸው ደግሞ አከረሩት! ክር ብቻ መሰለኝ፣ ለካ ነገርም እንዲሁ ነው የሚያከሩት።

ትርንጎ፦ አይሳደቡ፤ እጄን ይያዙትና ያሳዩኝ።

አስካለ፦ አምጪው። እጅ ለእጅ ተያይዞ እርስዎ አይባልም። እንዲህ፣ ቀስ ብለሽ። ጎሽ! አየሽ? ስድስት ሰንሰለት፣ ጫፍና ጫፉን ስታጋጥሚው ቀለበት ይሆናል። ቀለበቱን ሁለት ዙር እዞርልሻለሁ፤ አናቷ ላይ የምትቀመጠው ክብ እሷ ናት። ከዚያ ማስፋት ነው። ካላሰፋሽው የጣት ኮፍያ ይሆናል፣ ካበዛሽው ጃንጥላ። ልኳን ግን አላውቅም። ዳግመኛ ወደ ገበያ አልሄድም።

ትርንጎ፦ ይኸው።

አስካለ፦ ይህ ምንድን ነው? ከደረትሽ ክር ታወጪያለሽ?

ትርንጎ፦ የራሷ ልክ ነው። ከተወለደች ጀምሮ እሑድ እሑድ ራሷን በዚህ ለክቼ እቋጥራለሁ። አሥር ቋጠሮ። መጨረሻው ያለፈው እሑድ ነው።

አስካለ፦ እስቲ። ... ከዚህ እስከዚህ? ይህን ያህል ናት?

ትርንጎ፦ ይህን ያህል ናት።

አስካለ፦ ከትርንጎው ትበልጣለች።

ትርንጎ፦ ምን ሆንሽ? ዓይንሽን ምን ነካው?

አስካለ፦ የደብረ ብርሃን ነፋስ ነው። ያዢ፣ ሁለቱ ዙር አልቋል። ሦስተኛው ያንቺ ነው። ሃያ አራት ዓይን፣ ሃያ አራት ቀዳዳ አለ። አንዱ ውስጥ አንድ ጊዜ ትገቢያለሽ፣ ቀጣዩ ውስጥ ሁለት ጊዜ። አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት። ዙሩን ሳትጨርሺ ቀና እንዳትዪ። ዓይን ካመለጠሽ እስከ ቀለበቱ ይፈታል።

ትርንጎ፦ ቀና ማለት የለም። አንደኛው፣ አንድ። ሁለተኛው፣ ሁለት። ኧረ ይሄዳል! ሦስተኛው፣ አንድ። ... ልጅቷ ነቃች መሰለኝ።

አስካለ፦ ነቅታለች።

ትርንጎ፦ ምንትዋብስ?

አስካለ፦ ውሃው ይሰማኛል፤ ገና ናት።

ትርንጎ፦ ልነሣ ወይስ ... ቆይ፣ ይህቺን ከለቀቅኩ ሁሉም ሊሄድ ነው። ትንሽ ታልቅስ፤ ልቅሶ ሳንባ ይከፍታል። የት ደረስኩ?

አስካለ፦ አራተኛው ላይ። ሁለት ነው።

ትርንጎ፦ አራተኛው፣ ሁለት። ሞጣ ያሉት እኅቶቼ ያዩኛል! አምስተኛው፣ አንድ። አንቺ፣ ለምንትዋብ ወስፌውን እንዳትነግሪያት።

አስካለ፦ አልነግራትም። ላቤም ደረቀ መሰለኝ። ጫማዬን ላውልቀው፣ እግሬን ያዘኝ።

ትርንጎ፦ አውልቂው፣ ማን ከለከለሽ። ስድስተኛው፣ ሁለት። ሰባተኛው፣ አንድ። ይኸው አላከረርኩትም፣ አየሽ? ጣቴ ለመደ። ስምንተኛው፣ ሁለት። ... ዝም አለች። ብዬሽ አልነበር? ሲተዉዋት ራሷ ትተኛለች። ዘጠነኛው፣ አንድ። አሥረኛው፣ ሁለት። አሥራ አንደኛው ... አስካለ፣ አሥራ አንደኛው ላይ አንድ ነው ሁለት? አስካለ?