ሰባት ደቂቃ የሚይዘው ማሽን

— ሄሎ… ሄሎ፣ ማን ልበል?… ሙንታሲር? በማን ስልክ ነው የምትደውለው?… የባለሱቁ ነው። እሺ። ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። አዲስ አበባ እንዴት ይዞሃል?

— ቆይ፣ በር ላይ ልውጣ፣ ኔትወርኩ ቤት ውስጥ ይቆራረጣል።… ኻልቲ፣ ሙንታሲር ነው።… አክስቴ ሰላም ትልሃለች። አሁን ትሰማኛለህ?

— ምን? ስፒከር ላይ ነኝ? ቀደም ብለህ አትናገርም?… እሺ፣ እንግዲያው በአማርኛ ላውራ፣ ባለሱቁም ይስማ። ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ሀዲል እባላለሁ፣ ከአሶሳ ነው።… ሁለቱንም አውርደውልሃል? ነጩንም ጥቁሩንም?… ጥሩ። አሮጌው የድምፅ መቅጃ ማሽናችን አቧራ በልቶት ከሞተ ወዲህ የሁለቱን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየሁ እኔ ነኝ የማውቅ። ጠይቀኝ።

— መጀመሪያ ባትሪውን እይ። ነጩ በቻርጅ ነው፣ ጥቁሩ በድንጋይ ይሠራል። ጥቁሩን ያዝ።… ምን ያደርጋል ትለኛለህ እንዴ? የሙዐዊያን ሠርግ ረሳኸው? ባምባሲ፣ ድንኳኑ ሙሉ ሰው፣ ሙሽሮቹ ተነስተው ቆመዋል፣ መብራት ድርግም። ቻርጅ ፍለጋ የሰው በር ሳንኳኳ የነበርኩት እኔ ነኝ። አንተ ከሚዜዎቹ ጋር ፍየል ትበላ ነበር። ድንጋይ ግን የትም ሱቅ አለ፣ ሆሞሻም አለ።

— ቅዳሜ የምንጫወትበት አዳራሽ መብራቱ አይጠፋም? እሱስ እውነትህን ነው። እኔ የማስበው ከቅዳሜ በኋላ ያለውን ነው። ተመልሰን ሠርግ አንሠራም?… ሙንታሲር? ትሰማኛለህ?… እሺ፣ ተቋርጦ መስሎኝ።

— ቁልፎቹስ?… ሁለቱም አሥራ ስድስት ናቸው። ለኛ አሥራ ሁለት ይበቃናል፣ አራቱ ትርፍ ነው።… ማነው የሚስቀው? ጋሼ፣ አይሳቁ፣ ልንገርዎት። ዋዛ የሚባል የቅል መለከት አለ፣ የኛ የበርታዎች ነው። አንድ ሰው አንድ መለከት ይይዛል፣ አንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰጥ። ዜማ የሚሆነው ሰዎቹ ተራ በተራ እየተቀባበሉ ሲነፉት ነው። የኛዎቹ ሽማግሌዎች ደግሞ አርጅተዋል፣ በየሠርጉ መዞር አይሆንላቸውም። ስለዚህ ሆሞሻ ድረስ እየሄድኩ፣ አዝመራው እስኪገባና መለከቱ ከተሰቀለበት እስኪወርድ ጠብቄ፣ ቤት ለቤት ዞሬ የአሥራ ሁለቱንም ድምፅ ቀዳሁ። ከሽማግሌዎቹ ዓሚ ዐወድ ብቻውን ሦስት ቀን ወሰደብኝ፣ የፊት ጥርስ የለውም፣ ትንፋሹ እያመለጠ።… አዎ፣ አንድ ቁልፍ አንድ ሽማግሌ ነው። ሙንታሲር ቁልፉን ይጫናል፣ እኔ እዘፍናለሁ። ሥራችን ይኸው ነው።

— አይ፣ ረጅም ቅጂ አያስፈልገንም፣ ጋሼ። መለከት አንድ ትንፋሽ ነው። ሁለት ሰከንድ፣ ቢበዛ ሦስት።… ጥቁሩ በአንድ ቁልፍ ሃያ ሰከንድ ይይዛል? ተርፎናል።

— አንተ፣ ነካክተህ አየኸው?… ነጩ ይዘገያል? በቃ ጣለው። አንዱ መለከት ከዘገየ አሥራ አንዱ ይበላሻል። ጥቁሩ ወዲያው ይመልሳል አይደል? ጥቁሩን ግዛ፣ አለቀ።

— እንዴት ነጩ ይሻለኛል ትላለህ? በምኑ?… ስንት?… ሰባት ደቂቃ ሳይቋረጥ ይይዛል። ይያዝ፣ ለኛ ምን ይሠራልናል? ሰባት ደቂቃ የሚነፋ ሽማግሌ የለንም።

— ቆይ እስቲ። እኛ ዘንድ ሰባት ደቂቃ የሚፈጅ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው፣ የኔ ዘፈን።

— ስፒከሩን አጥፋው።… አጥፋው አልኩህ። ከሱቁም ውጣ።… ወጣህ?

— ቅዳሜ መድረክ ላይ ስንት ሰው ነው የሚወጣው?… ዙሪያውን አትሂድብኝ፣ ቁጥሩን ንገረኝ።… አንድ።

— ይገረም ነው ያለው? ይገረም ማነው?… አዘጋጁ። እሺ፣ አዘጋጁ ምን አለ?… አንድ ሰው ከነማሽኑ ይበቃናል አለ። ገባኝ። አንተስ ምን አልከው?… አይ፣ የሱን ነግረኸኛል። አንተ ምን መለስክ ነው የምልህ።… ዝም አልክ።

— ምንም አይደለም፣ ኻልቲ፣ ግቢ።… ካውያውን አንሺው፣ ቶቡን ታቃጥዪዋለሽ።… ምን ትተኩሳለች? ለቅዳሜ የምለብሰውን ነዋ። ከጤና ጣቢያው የሦስት ቀን ፈቃድ ወስጃለሁ። የሐሙስ መኪና ቆርጫለሁ፣ ያውም አንተ ነህ ቁረጪ ያልከኝ።

— አልተናደድኩም።… ተናድጃለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ? ሁለት ዓመት ሞንታርቦ አብሬህ ተሸክሜያለሁ። ሴት ልጅ ከሠርግ ሠርግ ትዞራለች ተብሎ አባቴ ስድስት ወር አላናገረኝም፣ ለዚያውም አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠን። አንተን ማን ምን አለህ? ጎበዝ ነው ነው የተባልከው።

— ስሜን ትጠራልኛለህ? ከዘፈኑ በፊት። ጀዛከላህ ኸይር፣ ምን ጎደለብኝ እንግዲህ።

— ስማኝ፣ ሙንታሲር። መለከቱን ሽማግሌዎቹ ለሁለታችንም ነው የሰጡን፣ አልከለክልህም። የኔ ድምፅ ያለበት ሚሞሪ ግን እዚህ በእጄ ነው ያለው። ትልክልኛለች ብለህ እንዳትጠብቅ። ኻልቲን ብታስለምነኝም አልልክም። ይገረም አንድ ሰው ነው የምፈልገው ካለ አንተን ይስማ።

— ምን?… ምን አልክ?

— የኔ ድምፅ ቅጂ አንተም ጋ አለ።

— ከየት አመጣኸው?… ረመዳን ሊገባ ሰሞን። ቤታችን መጥተህ፣ «እስቲ ሙሉውን አንድ ጊዜ ዝፈኚልኝ፣ መንገድ ላይ እየሰማሁት እሄዳለሁ» ያልከኝ ቀን።… አስታውሳለሁ፣ አትንገረኝ። ማይኩን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። ድምፁ እንዳያስተጋባ ምንጣፉን አንስቼ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ኻልቲን ሰባት ደቂቃ ሙሉ እንዳታስል የለመንኳት እኔ ነኝ። ጉሮሮዋን ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ዝም ብላ ነበር ለአንተ።

— ያን ጊዜ አስበኸው ነበር?… አይ፣ ተው። አትመልስልኝ።

— ታዲያ ለምን ደወልክ? ቅጂው በእጅህ ነው፣ መድረኩ የአንተ ነው።… የትኛው ማሽን እንደሚሻል ለመጠየቅ ብቻ። ከኔ የተሻለ የሚያውቅ ስለሌለ።… እሱ ላይ አልከራከርህም።

— አለሁ። አልተቋረጠም፣ አለሁ።

— ግባና ነጩን ግዛ።… አዎ፣ ጥቁሩን ነበር ያልኩህ፣ ያ ለመለከት ነው። ጥቁሩ ሰባቱን ደቂቃ አይችልም፣ የሴት ድምፅ ሲገባበትም ያቀጥነዋል፣ ከጣሳ ውስጥ የወጣ ያስመስለዋል። በቪዲዮው ላይ አንዷን ልጅ እንደዚያ ሲያደርጋት ሰምቻለሁ።… ለሚዘገየው ጣትህን ቀደም አድርግ፣ ሁለት ቀን ብትለማመድ ትለምደዋለህ። ድምፄ ላይ ምንም ነገር አትጨምርበት። አታሳጥረው። መሐል ላይ ትንፋሽ የምስብበት ቦታ አለ፣ እሱንም አትቁረጠው።

— ለአንተ ብዬ አይደለም፣ ሙንታሲር። ያ ሁሉ ሰው እኔን ሲሰማኝ የመጀመሪያ ጊዜው ነው።

— አታመስግነኝ። ለባለሱቁ ስልኩን መልስለት።… አይ፣ በኋላም አትደውል። ዝጋው።… እሺ፣ እኔ እዘጋዋለሁ።