መርከበኛ ስንት መሣሪያ ይበቃታል?

መስቀል በዋለ በሁለተኛው ቀን የግቢዬን በር ማጠፊያ ላስበይድ ቡታጅራ ገበያ አጠገብ ካለው የአቶ ተካ ብየዳ ቤት ጎራ አልኩ። ለካ የገባሁት ሙግት መሐል ኖሯል። ልጃቸው ትርሲት በመርከብ መኮንንነት ተመርቃ ሥራ ይዛለች፤ በዓሉን ከቤተሰቧ ጋር ውላ ነገ ልትሄድ ነው። አባት ግን መንገዷን አልመርቅም ብለዋል። በእኛ አገር ሳይመረቅ የወጣ ልጅ እግሩ እንጂ ልቡ አይሄድም።

«ደህና ሰዓት መጡ መምህር፤ ይፍረዱን» አሉኝ አቶ ተካ። «መርከብ የምትመሪበትን አሳዪኝ ብላት ይህን አመጣች። ሰሜን የሚለው ወዴት እንደሆነ ይዩልኝ።»

ትንሿን ኮምፓስ ሥራ ጠረጴዛቸው ላይ፣ ብረት ከሚያጣብቁበት ሞርሳ ጎን አስቀምጠዋታል። መርፌዋ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዝዋይ መንገድ ታመለክታለች።

«ሰሜን ዝዋይ ሆነ? በዚህ ውሸታም ነው ምልክት በሌለበት ውኃ ላይ የምትሄደው? እኔ አዲስ አበባ ስሄድ እንኳ የመንገዱን ከተሞች፣ ቡኢን፣ ጥያን እየቆጠርኩ ነው።»

ሃያ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ነገር ግን እኔም ደንግጬ ጎንበስ ብዬ መርፌዋን ደግሜ አየሁ።

«አባባ፣ ብረት መሐል አስቀምጠው ስለጠየቋት ነው» አለች ትርሲት በትሕትና። አንሥታ ማዶ ካለው ባዶ ሜዳ ወሰደቻት። መርፌዋ ዞራ ሰሜን ላይ ቆመች።

«መርከቡስ ብረት አይደል?» አሉ ወዲያው። ጥያቄው የባለሙያ ነበር።

«ነው። ስለዚህ የብረቱ ስሕተት አስቀድሞ ተለክቶ በሰንጠረዥ ይጻፋል፤ እያረምን እንሄዳለን።»

«ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? በሳተላይት የሚሠራው አይበቃም?»

«የሳተላይቱ ምልክት ቢታወክስ? ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ፣ አባባ። ያለ ኮምፓስና ያለ ባሕር ካርታ ከወደብ አንነሣም። ጂፒኤስ ያለንበትን ይነግረናል፤ ራዳር በጉም ውስጥ የሚመጣውን መርከብ ያሳየናል፤ ከመርከቡ በታች ያለውን ውኃ ደግሞ የጥልቀት መለኪያው። አንዱ ያለውን በሌላው እናጣራለን። ሁሉም ቢጠፋ የፀሐይን ከፍታ የምንለካበት መሣሪያና ትክክለኛ ሰዓት አለን።»

አቶ ተካ ፈገግ አሉ። «በፀሐይ? እስቲ ቡታጅራን አግኚልኝ።»

ትርሲት አንድ ሜትር ቱቦ ሜዳው ላይ ተክላ ክር ላይ በተንጠለጠለው የአባቷ ቱንቢ አቀናችው። ስድስት ሰዓት ገደማ ነበር። ጥላው እያጠረ ሲሄድ ሦስታችንም ቁጢጥ ብለን ጠበቅን። ስድስት ከሩብ አለፍ ሲል ማጠሩን አቆመ። አቶ ተካ ሌላ ሰው አላመኑም፤ ራሳቸው ለኩ። አሥራ ስምንት ሳንቲሜትር ተኩል።

«ፀሐይ ከአናታችን ወደ ደቡብ አሥር ዲግሪ ተኩል ያህል ዘንበል ብላለች» አለች ትርሲት ጥላውን ከቱቦው ቁመት ጋር አስልታ። «ዛሬ ደግሞ ከምድር ወገብ ወደ ደቡብ ሁለት ዲግሪ ተኩል ገደማ ወርዳለች። ሲቀነስ ስምንት። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ስምንት ዲግሪ ላይ ነን።»

ስልኳን ከፍታ አሳየችን። ስምንት ይላል፣ ከትንሽ ሽርፍራፊ ጋር።

ያንን ቁጥር ሃያ ሁለት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ተማሪዎቼን ይዤ ወጥቼ ከመሬት ላይ አላነበብኩትም። አፈርኩ፤ ከማፈሬም ይልቅ ተደነቅሁ። ይህን ያህል ትልቅ ምድር በአንድ ቱቦ ጥላ ይለካል።

አቶ ተካ ክሩን በቱንቢው ላይ ጠቀለሉ። «ዕድሜ ልኬን በር አቀናሁበት» አሉ ቀስ ብለው። «ለዚህም ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።»

አንባቢዬ ሆይ፣ የማናውቀውን መሣሪያ ያለቦታው ፈትነን ሐሰት አንበለው። አንዱን በሌላው ማጣራት የተማረ ልጅ መርከብንም፣ ሕይወትንም፣ የወላጁንም ልብ ከአደጋ ያድናል።

«መሬት በማይታይበት ቦታ ሆነሽ» አሉ አቶ ተካ በመጨረሻ፣ «ቡታጅራ ወዴት እንደሆነች ታውቂያለሽ?»

«በየቀኑ፣ አባባ። አቅጣጫዋንም ርቀቷንም።»

የብየዳ ጓንታቸውን አውልቀው እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ።

«እንግዲያው ሂጂ» አሉ። «ያለችበትን የምታውቅ ልጅ ጠፋች አትባልም።»