የሻሂራ የኒካህ ፎቶዎች

— ሄሎ? ... ሄሎ! ዋጊህ! ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ! ... ትሰማኛለህ? ... አዎ፣ ትናንት እኛው ቤት የልጅህ ኒካህ ታሰረ። ሁሉም በሰላም አለቀ፣ አልሐምዱሊላህ። አሌክሳንድሪያ በእልልታ ቀለጠች ነው የምልህ!

— ፎቶው? ... እሱ እንኳ ... ኩዌት ሙቀቱ እንዴት ነው? ... እሺ፣ እሺ፣ አትጩህብኝ! ፎቶው አለ። አለ ስልህ ... ካሜራው ውስጥ አለ።

— አንቺ ናግላ፣ አትሳቂ! ... ሚስቴ ናት። ከጠዋት ጀምሮ መሳለቂያዋ አድርጋኛለች።

— ባንተ ፈንታ ወኪል ሆኜ የሙሽራውን እጅ የምጨብጠው እኔ፣ ፎቶ የማነሳውም እኔ! ... ምን? ... አዎ፣ ባለሙያ እንጥራ ስትሉኝ እምቢ አልኩ። «አዲስ ካሜራ ገዝቼ፣ የፎቶ ትምህርትም ጀምሬ፣ ምን ሲደረግ ሌላ ሰው!» ብዬ የጎረርኩት እኔው ነኝ። አፌን በቆረጠው!

— ካሜራውን በማቆሚያው ላይ አቆምኩት፤ በራሱ እየደጋገመ እንዲያነሳም አዘዝኩት። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ። ሼኩ የእኔንና የሙሽራውን የሃይሰምን እጅ አጨባብጦ ያንን ነጭ መሐረብ ከላይ አለበሰው። ... እህ፣ እንደ ወጉ ነዋ! ለካስ ካሜራ ሆዬ መሃል ላይ ነጭ ነገር ሲያይ ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ሌላውን ሁሉ ያጨልመዋል። ... እኔ በምን አውቄ! ያንን የምንማረው በሚመጣው ሳምንት ነው!

— ምን ወጣ? መሐረብ ወጣ! ክሩ አንድ በአንድ የሚታይ፣ ጥርት ያለ መሐረብ። ሙሽራው ጥላ ብቻ ነው። ሼኩም ከነጢሙ ጠፍቷል። እኔን ደግሞ ናግላ «የከሰል ጆንያ» ትለኛለች ... እውነቷን ነው፣ አየሁት።

— ሻሂራስ? ... ቆይ፣ እደርስበታለሁ። ... አውቃለሁ ወንድሜ። አሠሪዎችህ ፈቃድ ከልክለውህ እንጂ ወደህ እንዳልቀረህ ነግሬያታለሁ። ስልክህን አላነሳም ካለች ወዲህ ስንቴ ለመንኳት! ... ፊቷን ብቻ? ... አሁንም ተቆጥታህ እንደሆነ ማየት ነው የምትፈልገው? ... እሺ። ኧረ አታልቅስ፣ በአላህ!

— ስማኝ። ሼኩ ጨርሶ መሐረቡን ሊያነሳ ሲል ላጤዎቹ ሊነጥቁት ዘለሉ። የነጠቀው ቶሎ ያገባል ሲባል ማን ይቀመጣል? ሙንዚር እንኳ፣ የአክስታችን ልጅ፣ በዚያ ቦርጩ! ካሜራዬን ገጭቶ ጣለልኝ። ... አልተሰበረም። ወለሉ ላይ ተጋድሞ ማንሳቱን ቀጠለ እንጂ። ጫማ አነሳ። የሶፋ ሆድ አነሳ። ናግላ «እስካሁን ካነሳሃቸው ሁሉ እነዚህ ይሻላሉ» ትላለች።

— አንዱ ላይ ግን ... ዋጊህ፣ ትሰማኛለህ? ... አንዱ ላይ ሻሂራ አለች። ሰው ሁሉ መሐረብ ሲሻማ እሷ ጥግ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ጥርት ያለ ፎቶ ነው። እጄ ስላልገባበት ይሆናላ!

— አይ፣ የተቆጣች አትመስልም። የሳቀችም አትመስልም። ስልኳን ይዛለች። ... ቆይ፣ አሁን አጉልቼ እያየሁት ነው። ... የስልኩ ጽሑፍ ይነበባል። «ባባ» ይላል። አውራ ጣቷ ስምህ ላይ ነው። ... ደውላልህ ነበር እንዴ? ... አልደወለችም? ... እንግዲያው ልትጫነው ይቺን ታህል ነው የቀራት፣ ወላሂ!

— እኔ ጅሉ እኮ ጠዋቱን ሙሉ የራሴን ጥቁር ፊት ላበራ ስታገል፣ ይህችን እያለፍኳት ነበር። አይኔ ይፍሰስ!

— ቆይ፣ ሰው መጣ። ... አንቺ! መቼ ገባሽ? ... አዎ፣ እሱ ነው። ... ዋጊህ፣ ሻሂራ ናት። እዚህ በሩ ላይ ቆማ እጇን ዘርግታልኛለች። ... ካሜራውን ልሰጣት ብል አልተቀበለችኝም። ስልኩን ነው የምትለው። ... በል፣ እኔ ልውጣላችሁ። እንኪ የኔ ልጅ —