እዚያ እስኪነጋ የተቆለፈ በር

የምስክር ቃል መቀበያ

ስም፦ ሙሉ ስም በመዝገቡ የተያዘ፤ መጠሪያ “እታለም”
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ
አድራሻ፦ ከገበያው ጀርባ፣ ከጫማ አዳሹ ቀጥሎ ያለው ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ዓርብ፣ ጥር 14 ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡30
ጉዳዩ፦ የትኬት ወኪሉ “ሐሙስ ዕለት በገዛ ቢሮዬ ተቆልፎብኝ ዋልኩ” ሲል የቆለፈበትን ሰው ስም ሳይጠቅስ ያቀረበው አቤቱታ

በምስክርነት ተጠርቼ በሩን ማን እንደቆለፈው አይተሻል ወይ ተብዬ ለተጠየቅሁት፣ አይቻለሁ፤ የቆለፍኩት እኔ ነኝ። መርማሪው እንዲህ ከሆነ ቃልሽ በተጠርጣሪነት ሊያዝ ይችላል ብለው አስረድተውኛል። የፈለጉትን ስም ይስጡት፣ ብቻ እውነቱ ይጻፍልኝ ብያለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ሰው አገር ሆስፒታል ተኝቷል። ሰኞ ቀዶ ሕክምና አለው፤ ኩላሊት የምሰጠው እኔ ነኝ። የትኬት ወኪሉ የሰፈራችን ልጅ ነው። ውጭ አገር ባለች ወኪል በኩል ሲያስቆርጥ ከዚህ ስለሚረክስ ሰፈሩ በሙሉ የሚሄደው በእሱ ነው። እኔም ከወር በፊት ሙሉውን ከፍዬ ስሜ ያለበትን ወረቀት ተቀበልኩ። አየር መንገዱ ዘንድ ስደውል ስምሽ አለ አሉኝ፤ አርፌ ተቀመጥኩ። ስም መያዙና ትኬት መቆረጡ ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑን አላወቅሁም፤ ሞኝ ነኝ።

ሐሙስ ጠዋት 2፡30 ላይ ስለ ሻንጣ ክብደት ልጠይቅ አየር መንገዱ ቢሮ ሄድኩ። ሠራተኛዋ ቦታው የተያዘ ብቻ መሆኑን፣ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ትኬት ካልተቆረጠበት እንደሚሰረዝ፣ ከዚያም እስከ ረቡዕ ባዶ ወንበር እንደሌለ ነገረችኝ። በቀጥታ ወደ ወኪሉ ቢሮ ሄድኩ።

3፡15 ላይ ስደርስ ሻይ እየጠጣ ነበር። “እታለም፣ ምን አስቸኮለሽ? እዚያ እኮ ገና አልነጋም፤ ሴትዮዋ ተኝታለች። ማታ ብቅ በይ” አለኝ። እኔም “እንግዲያው እስኪነጋላት አብረን እንጠብቃታለን” ብዬ በሩን ከውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ደረቴ ውስጥ ከተትኩ። አልሰደብኩትም፣ አልነካሁትም። እንዲያውም የሸሚዙ አዝራር ተንጠልጥሎ ስላየሁ ሰፍቼለታለሁ። ሽንት ቤቱም እዚያው ውስጥ ነው፤ ተሠቃየሁ ያለው ውሸት ነው።

ከቀኑ 9፡40 ላይ ሴትዮዋ ስልክ አነሳች። ድምፁን ከፍ አድርገው አልኩት። “ዋጋው ይወርዳል ጠብቂ እያልክ ያቆየኸኝ አንተ አይደለህ እንዴ?” አለችው። ለካ ዋጋው ሲወርድ አስቆርጦ ልዩነቱን ኪሱ ሊከት ኖሯል፤ ዋጋው ደግሞ ጨመረበት። ደሜ ፈላ፣ ግን ለንዴት ጊዜ አልነበረኝም። “የጎደለውን ሙላ” አልኩት። “ከየት አባቴ ላምጣ?” ቢለኝ፣ “እኔ ኩላሊት አምጪ ስባል ከየት ብያለሁ?” አልኩት። ለወንድሙ ደውሎ ተበደረና ላከላት። 11፡20 ላይ የትኬቱ ቁጥር መጣ። አየር መንገዱ ዘንድ ደውዬ ተቆርጧል ሲሉኝ በሩን ከፈትኩ።

በመቆለፌ አልጸጸትም። በረራዬ ዛሬ ከቀኑ 10 ሰዓት ስለሆነ እንድሄድ ይፈቀድልኝ። ይህን ቃል ማንም ሳያስገድደኝ ሰጥቻለሁ፤ ተነቦልኝ አንድም የሐሰት ነገር እንደሌለበት አረጋግጫለሁ። ስመለስ ሳልጠራ በእግሬ እመጣለሁ፤ የምመጣው ግን በአንድ ኩላሊት ነው።

የቃል ሰጪ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________