ለቅሶ ለደረሰላቸው ድምፅ የሰጡት የአቶ ኃይለመለኮት አሥራት ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ካህናት አባቶቻችን፣ ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ፣ እንዲሁም ተራራውን አቋርጣችሁ ከዌስት ቨርጂኒያ የመጣችሁ ወዳጆች፤ በቀብር ላይ የምርጫ ነገር ማንሳት እንዳልተለመደ እናውቃለን። ነገር ግን እኔ የሟቹ የእህት ልጅ ኪራኮስ ይህን ትቼ ለመጻፍ ብሞክር የሌላ ሰው ታሪክ ሆነብኝ፤ ስለዚህ ያወቅነውንም ግራ የገባንንም እንዳለ እናነባለን።

አቶ ኃይለመለኮት ከአባታቸው ከአቶ አሥራት አበጀ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ሉባባ ይመር በ1944 ዓ.ም. በወሎ ቦረና ተወልደው፣ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ወደ ደሴ ተልከው ከተማሩ በኋላ በመምህርነት ሠልጥነው ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ከወይዘሮ ዘርትሁን መኮንን ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሩሃማንና ያፌትን ወለዱ፤ የዲቪ ዕድል ሲደርሳቸውም ቤተሰባቸውን ይዘው አሌክሳንድሪያ ገቡ።

በሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ለዓመታት ከሠሩ በኋላ፣ ሁላችንም እየተቃወምናቸው፣ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ካውንቲ በሚሏት አንዲት የገጠር ወረዳ ነዳጅ ማደያ ገዝተው ከባለቤታቸው ጋር ሄዱ። ካውንቲዋ ከአሥር ሰው ስምንቱ ሪፐብሊካንን የሚመርጥባት ስትሆን፣ እዚህ የቀረነው ዘመዶቻቸው ደግሞ ከዴሞክራት በቀር ሌላ የሚመረጥ መኖሩን የማናውቅ ነበርን። እሳቸው ግን ገበሬው ሁሉ ጠዋት ጠዋት በማደያው ቡናውን ይዞ ሲከራከር ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ያዳምጡ ነበር፤ በየምርጫውም እንደ እኛው መርጠው ዝም ይሉ ነበር።

ወይዘሮ ዘርትሁን በድንገት ባረፉ ጊዜ በረዶ መንገዱን ዘግቶ እኛ መድረስ አልቻልንም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንደሚባለው፣ ከብት አርቢው ሚስተር ዴል በትራክተር መንገዱን ጠርገው መጡ፤ በእኛ ባህል ሐዘንተኛ ብቻውን እንደማይተው ሲነገራቸውም ጓደኞቻቸውን ሰብስበው ሦስት ቀን ሙሉ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረዋቸው ተቀመጡ።

ባለፈው የፕሬዚዳንት ምርጫ ሚስተር ዴል በሪፐብሊካን በኩል ለካውንቲው አስተዳደር ኮሚሽነርነት ተወዳደሩ፤ አቶ ኃይለመለኮትም ለቅሶ ለደረሰላቸው ሰው ድምፃቸውን ሰጡ። ይህን ማንም አይነቅፍም። ጉድ የሆነብን ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው፤ እንግዳን አስገብቶ ጓደኞቹን ደጅ ማቆም ነውር ነው ብለው፣ ከላይ ከፕሬዚዳንቱ ጀምሮ እስከ ታች ድረስ የሚስተር ዴልን ፓርቲ ሰዎች በሙሉ መረጡ። ምርጫን እንደ ድግስ የቆጠረ ሰው ከእሳቸው በቀር አላየንም።

ሩሃማ ደስ የሚላት መስሏቸው ስልክ ደውለው አጫወቷት። በዚያን ጊዜ የወንድማቸው ልጅ ብሩክታይት፣ የጥገኝነት ጉዳይዋ ሳይወሰን በስጋት ላይ ሆና፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሩሃማ ቤት ተጠግታ ነበር። ሩሃማ የጠየቀቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አባዬ፣ ብሩክታይትንስ?»

ሚስተር ዴልን አስበዋል እንጂ የስደተኛውን ሕግ እናጠብቃለን ያሉት እነዚያው የመረጧቸው ሰዎች የወንድማቸውን ልጅ ዕጣ እንደሚወስኑ አላሰቡም ነበር። ሩሃማም ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቷን መጠየቅ ተወች፤ እሳቸውም ከዚህ መለየት የባሰ ሐዘን ከባለቤታቸው ሞት ወዲህ አልገጠማቸውም። ያፌት ሊያስታርቃቸው ደጋግሞ ቢለምንም እሺ አላለችም።

ይባስ ብሎ ይህን ለሚስተር ዴል ቢያወጓቸው፣ ሰውየው ራሳቸው የፓርቲያቸውን ሰዎች በሙሉ እንዳልመረጡ፣ እናታቸውን ላስታመመች አንዲት ዴሞክራት ድምፃቸውን እንደሰጡ ነገሯቸው። አጎታችን ይህን ከሰሙ በኋላ ሚስተር ዴልን ከራሳቸው ከሚስተር ዴል አብልጠው ማክበራቸው እየገረማቸው፣ አጥፍቻለሁ ወይስ ወግ ጠብቄያለሁ እያሉ ያገኙትን ሁሉ ይጠይቁ ነበር። እኛም ለሁለት ተከፍለን ተከራከርን እንጂ አልመለስንላቸውም።

ኩላሊታቸው ታሞ ወደ ሕክምና ሲመላለሱ በመኪናቸው የሚያደርሷቸው ሚስተር ዴል ነበሩ። ሕመሙ ሲጠና ሩሃማ ሆስፒታል ደረሰች፤ ከአልጋው አጠገብ ሚስተር ዴልን ስታገኝ በሩ ላይ ቆመች። አባቷ ግን ጊዜ አልነበራቸውም።

«ልጄ፣ ተሳስቻለሁ ወይ?» አሏት።

«አዎ አባዬ፣ ተሳስተዋል» አለቻቸው፤ ይህን ብላም ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ እጃቸውንም ያዘች። አቶ ኃይለመለኮት በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው፣ ባሳለፍነው ማክሰኞ፣ እጃቸው በልጃቸው እጅ ውስጥ እንዳለ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል።

ሟቹ ልጆቻቸውን ሩሃማንና ያፌትን፣ የልጅ ልጃቸውን ኤሊን፣ ጉዳይዋ ዛሬም ያልተወሰነላትን የወንድማቸውን ልጅ ብሩክታይትን እና እኛን የእህታቸውን ልጆች ትተው ሄደዋል። ትናንት በለቅሶው ቤት ሚስተር ዴል ከጓደኞቻቸው ጋር ደርሰው ወዴት እንደሚቀመጡ ግራ ሲገባቸው፣ ሩሃማ ተነሥታ ሁሉንም ከብሩክታይት ጎን አስቀመጠቻቸው። ይህን ለምን እንዳደረገች አልነገረችንም። የሚስተር ዴል ስም ከቤተሰቡ ጋር እንዲነበብ ያዘዘችን ግን እሷ ናት፤ ስለዚህ ሚስተር ዴልም ከቤተሰቡ ናቸው።

እኛ ያልፈታነውን የሚያውቅ እግዚአብሔር የአጎታችንን ነፍስ ከቅዱሳኑ ማኅበር ይደምርልን፤ ለእኛም እርስ በርስ የምንቀመጥበትን ልብ ይስጠን። አሜን።