«አንድም» በማለታቸው ስለታሰሩት የኔታ

የምስክር ስም፦ አምሐ ተክለ ጊዮርጊስ
ዕድሜ፦ 53
ሥራ፦ የእንግሊዝኛ መምህር
አድራሻ፦ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ መጋቢት 15 ቀን 1973 ዓ.ም.

«የእንግሊዝኛ ትምህርትን ሽፋን በማድረግ በቀበሌው አዳራሽ ሠራተኛውን ሰብስበው የሃይማኖት ስብከት አካሂደዋል።» የሠፈራችን ቀበሌ የውይይት ክበብ ኃላፊ ጓድ ቢያዝን ሣህሉ በእኔና በመምህር ወልደ ሐዋርያት ላይ ያቀረቡት ክስ ቃል በቃል ይህ ነው። ሐሰት ነው። የሆነውን እናገራለሁ፤ እንደተናገርሁት ይጻፍልኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዚሁ አዳራሽ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞችን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የፋብሪካው መኪናዎች መመሪያ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ትምህርቱን የፈቀደው ራሱ ቀበሌው ነው። ችግሩ፣ ሠራተኞቹ ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ ከያዙ አይለቁም። «ራን» መሮጥ ነው ብዬ አስተማርሁ። መመሪያው ስለ ሞተር ሲናገር ያንኑ ቃል ቢያገኙት፣ በፈትል ክፍል የምትሠራው ሰገነት «ጋሼ፣ ሞተር እግር አወጣ እንዴ?» ብላ ክፍሉን አሳቀችብኝ። ሳምንታት ለፋሁ፤ አልሆነም።

ስለዚህ በልጅነቴ ያስተማሩኝን የ74 ዓመቱን መምህር ወልደ ሐዋርያትን ከደልጊ ለምኜ አስመጣሁ። እንግሊዝኛ አያውቁም። ነገር ግን የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር የአንዱን ቃል ልዩ ልዩ ፍቺ «አንድም ይህ ነው፣ አንድም ያ ነው» እያለ ተማሪውን በቃል ያስይዛል። የፈለግሁት ይህን አካሄድ ነው። መጋቢት 12 ቀን ፍቺዎቹን በአማርኛ ነገርኋቸው። «ይህን ሁሉ አንድ ቃል ተሸከመው? ምስኪን!» ብለው ሣቁ። ከዚያ አስደገሙ፤ ሠራተኞቹም በአንድ ድምፅ ተቀበሏቸው። የተባለው ይህ ነው፦ «ራን፣ ሮጠ ማለት ነው። አንድም ውሃ ፈሰሰ ማለት ነው። አንድም ሞተር ሠራ ማለት ነው። አንድም ድርጅት መራ ማለት ነው። አንድም የጨርቅ ቀለም ለቀቀ ማለት ነው።» የእግዚአብሔር ስም እንኳ አልተነሣም። ሰገነትም ስለ ሞተሩ ስጠይቃት ሳትሳሳት መለሰች።

ጓድ ቢያዝን ድምፁን ከደጅ ሰምተው ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር ገቡ።

«ይህ የምን ጸሎት ነው?» አሉ።

የኔታ «ጸሎት አይደለም ልጄ፣ ግሥ ነው» ብለው መለሱላቸው።

«የማን ግሥ?»

«የእንግሊዝ።»

«ቄስና ኢምፔሪያሊስት ገጠሙ በሉኛ!» ብለው ጓድ ቢያዝን ሽማግሌውን አስያዟቸው። «የጠራኋቸው እኔ ነኝ፤ እኔን ውሰዱ» ብል የሰማኝ የለም። እኔ ቤቴ አድራለሁ፤ እሳቸው በዐቢይ ጾም በቀበሌው እስር ቤት ሲሚንቶ ላይ ከተኙ ዛሬ አራተኛ ቀናቸው ነው። ትናንት ንፍሮ ባደርስላቸው የጠየቁኝ «ያቺ ልጅ ሞተሩን አልረሳችውም?» ብለው ብቻ ነው።

መርማሪው አምሳ አለቃ ክንዱ «አንድም» ማለት ስብከት መሆን አለመሆኑን ጠይቀውኛል። መልሴ፦ ቃሉን እርስዎ ራስዎ አሁን በመንግሥት ቢሮ፣ በመንግሥት ወረቀት ላይ ደጋግመው ጽፈውታል። ወንጀል ከሆነ ከየኔታ ጎን ቦታ ይፈለግልዎ፤ ካልሆነ እሳቸው ይፈቱ።

መምህር ወልደ ሐዋርያት የታሰሩበት ሕግ ተጠቅሶ፣ ወይም መፈታታቸው ተገልጾ፣ እስከ ዓርብ መጋቢት 18 ቀን መልስ በጽሑፍ ይሰጠኝ። የቃል መልስ አልቀበልም።

ቃሌ ተነቦልኛል። «ሰበኩ» ተብሎ የተጻፈው «አስደገሙ» ተብሎ እንዲታረም አድርጌ፣ የቀረው ያየሁትና የሰማሁት እውነት ስለሆነ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ አምሐ ተክለ ጊዮርጊስ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ አምሳ አለቃ ክንዱ አገኘሁ