ይታገሱ ዘሩ በደህና ገብተዋል

የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ አብዱረህማን ኑርዬ
ዕድሜ፦ 29
አድራሻ፦ ቡሬ ከተማ፣ ቀበሌ 02
ሥራ፦ የኮምፒውተር ባለሙያ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐምሌ 14 ቀን 2006 ዓ.ም፣ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት
ጉዳዩ፦ ወ/ሮ አልጣሽ መኩሪያ «ልጄ ይታገሱ ዘሩ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ጠፍቶብኛል» ሲሉ ያቀረቡት አቤቱታ
ቃሉን የተቀበሉት መርማሪ፦ ምክትል ሳጅን ሠርክአዲስ ወልደ ገብርኤል

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ ይታገሱ ዘሩን ታውቀዋለህ ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ አዎ አውቀዋለሁ። ቡሬ ውስጥ በአንድ የእህል ነጋዴዎች ማኅበር ቢሮ አብረን ሠርተናል። ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አየኸው ተብዬ ስጠየቅ፣ በ2005 ዓ.ም ኅዳር ወር ማንኩሳ ላይ ሲቀበር ነው። መርማሪዋ ደግመው ጠይቀውኝ ይህንኑ ደግሜ መልሻለሁ። ከፍኖተ ሰላም ሲመለስ የተሳፈረበት አይሱዙ ተገልብጦ ነው የሞተው። ሬሳውን ተሸክመው ካወጡት አንዱ እኔ ነኝ። ስለዚህ ሰኔ ላይ ጠፋ የሚለው አቤቱታ እኔ ከማውቀው ጋር አይገጥምም። ይሁን እንጂ ወ/ሮ አልጣሽ ሐሰት አልተናገሩም።

በቀብሩ ጊዜ ወ/ሮ አልጣሽ ታመው ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ዘመድ ተማክሮ እስኪያገግሙ ደብቋቸው፣ መርዶ የተነገራቸው ጥር ላይ ነው። ሬሳውን አላዩም፣ አፈር ሲመለስም አልነበሩም። የልጃቸው ልብስና ስልክ ተሰጥቷቸዋል። ስልኩን እስከ ዛሬ ቻርጅ እያደረጉ ይይዙታል።

ወደ ሟቹ ስልክ ስለሚላከው መልእክት እንዳስረዳ ተጠይቄ የሚከተለውን ብያለሁ። ይታገሱ በሕይወት ሳለ የማኅበሩን የሠራተኞች ዳታቤዝ፣ ማለትም የኮምፒውተር መዝገብ፣ የሚያቋቁም ስክሪፕት ጽፏል። ስክሪፕት ማለት ኮምፒውተሩ ከላይ ወደ ታች እያነበበ የሚፈጽመው ትእዛዝ ነው። ቡሬ በክረምት መብራት ይሄዳል ይመጣል፤ መብራት በመጣ ቁጥር ሰርቨሩ፣ ማለትም ዋናው ኮምፒውተር፣ ሲነሳ ስክሪፕቱም አብሮ ከመጀመሪያው ይነሳል። ሌላ ሰው የጻፈው ቢሆን ያለውን ሁሉ እንደገና እየፈጠረ ያተራምሰው ነበር። ይታገሱ ግን በየመስመሩ ካለ እለፈው፣ ከሌለ ፍጠረው ብሎ አዞታል። «መቶ ጊዜ ብታስነሳው አንድ ጊዜ እንዳስነሳኸው ነው፤ ተኝተህ እደር» ይለኝ ነበር። ዳታቤዙ ባዶ ሆኖ እንዳይነሳ የመጀመሪያ ሠራተኛ አድርጎ የራሱን ስምና ስልክ ቁጥር እዚያው ትእዛዙ ውስጥ አስገብቷል። አዲስ ስም በተመዘገበ ቁጥር ሲስተሙ ወደ ሰውዬው ስልክ መልእክት ይልካል። የመልእክቱን አማርኛም የጻፈው እሱ ራሱ ነው። «እገሌ በደህና ገብተዋል» ይላል፤ መዝገብ ውስጥ ገብተዋል ለማለት ነው።

ከቀብሩ በኋላ የሥራ ባልደረባችን አሸናፊ የሟቹን ስም ከዳታቤዙ አጠፋ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ስሙ ተመልሶ ተገኘ። አሸናፊ በስመ አብ ብሎ አማትቦ እንደገና አጠፋው። መብራት ሲመጣ አሁንም ተመለሰ፤ ከዚያም ወዲያ ባጠፋው ቁጥር እንዲሁ ይመለስ ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ ለሌላ ሥራ ሊበን ሄጄ ስለነበር የነገረኝ የለም። ቢሮው ውስጥ የይታገሱን ስም የሚያነሳ ሰው ጠፋ፤ እሱ ይቀመጥበት የነበረው ወንበርም ወደ ግድግዳ ዞሮ ከረመ። አሸናፊ ይባስ ብሎ ጸበል አምጥቶ ረጭቶ ኪቦርዱን አበላሽቶ ጠበቀኝ።

ማንኩሳ፣ ወ/ሮ አልጣሽ ቤት፣ ምን ይሆን እንደነበር የሰማሁት ከጎረቤታቸው ከወ/ሮ ናዚፋ ነው። አምፖሉ ቦግ ሲል ስልኩ ይንጫጫል። ወ/ሮ አልጣሽ ማንበብ ስለማይችሉ ናዚፋ ታነብላቸዋለች፤ «ይታገሱ ዘሩ በደህና ገብተዋል» ይላል። አልጨመረችበትም፣ አልቀነሰችበትም። እሳቸውም ተነስተው በሩን ይከፍቱና ቆመው ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ናዚፋ ማን መጥቶ ነው ብትላቸው፣ «ልጄን አንቱ ይሉታል እኮ፤ የተከበረበት አገር ነው ያለ። መርዶ ነጋሪዎቹ ሰው ተሳስተዋል» ብለዋታል። ራቱንም ለብቻ ያስቀምጡለት ነበር።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ከሊበን ተመልሼ ነገሩን መረመርኩት። ጂን የለበትም። ስክሪፕቱ ስሙን ሲያገኘው ዝም ብሎ ያልፋል፤ ሲያጣው ይፈጥረዋል፣ መልእክቱም የሚሄደው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሙቱን ሲጠራው የከረመው የእኛው ማጥፋት ነበር። ከትእዛዙ ውስጥ ስሙን መፋቅ እችል ነበር፤ በእጁ የጻፈውን መንካት ግን ከበደኝ። ስለዚህ ስሙ ባለበት ይቀመጥ፣ ማንም አይንካው ብዬ አዘዝኩ። ከዚያ ወዲህ መብራት ስንቴ ሄዶ ስንቴ መጣ፣ አንድም መልእክት አልወጣም። በሥራዬ ኮርቼ ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ወ/ሮ አልጣሽ በዝናብ ከማንኩሳ መጥተው ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። «አብዱ ልጄ፣ ይኸ ነገር ምነው ዝም አለ?» አሉኝ። እኔም እማማ፣ ይታገሱ እኮ ሞቷል፣ መልእክቱም የማሽን ነው ብዬ አስረዳኋቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝና፣ «የገባ ሰው ወይ ውስጥ ነው፣ ወይ ወጥቷል። ሲወጣ ማን አየው?» አሉ። ከእኔ ዘንድ ወጥተው ነው ወደዚህ ጣቢያ የመጡት። ናዚፋ እንደምትለው ከዚያ ቀን ወዲህ ከውኃ በቀር ወደ አፋቸው የገባ ነገር የለም። ይሞቱብኛል ብዬ ፈርቻለሁ፤ ይህም እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፏል።

መርማሪዋ እንግዲህ ልጁ የት ነው ብዬ ልጻፍ ሲሉኝ፣ ማንኩሳ ተቀብሯል ብለው ይጻፉ ብያለሁ። ሌላ የምትጨምረው አለህ ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ አዎ አለኝ። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ቢሮ ገብቼ የይታገሱን ስም ከዳታቤዙ በገዛ እጄ አጥፍቻለሁ፤ ትእዛዙን አልነካሁም። ልክ ሠርቻለሁ አልልም። ወ/ሮ አልጣሽ አሁን ከዚህ ክፍል ውጭ አግዳሚው ላይ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። አልነገርኳቸውም።

ይህንን ቃል ማንም ሳያስገድደኝ ሰጥቻለሁ፤ ያየሁትንና የማውቀውን እንጂ ሌላ አልጨመርኩም፤ ተነቦልኝም ቃሌ መሆኑን አረጋግጫለሁ። እየተነበበልኝ ሳለ መብራት ስለሄደ የቀረውን ገጽ መስኮቱ አጠገብ ቆመን ጨርሰናል። ስንፈርም ገና አልመጣም።

የምስክሩ ፊርማ፦ አብዱረህማን ኑርዬ
የመርማሪዋ ፊርማ፦ ም/ሳጅን ሠርክአዲስ ወልደ ገብርኤል